አራተኛ ፎቅ ላይ የወጣው መሬት

ባሌ ሻውቂ ዕድሜውን ሙሉ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ነበር። ከካይሮ አስዩት በሚሄደው ባቡር ላይ እርጉዝ ትሁን ሼህ፣ ማንንም ያለ ትኬት አሳልፎ አያውቅም። ወደ ገዛ ጭንቅላቱ የሚገባውን ወሬ ግን አንድም ቀን ትኬት ጠይቆት አያውቅም። ጡረታ ከወጣ ወዲህ የግመል ወተት ገብቷል፣ ጥቁር አዝሙድ በማር ገብቷል፣ በባዶ ሆድ ፊትን ወደ ፀሐይ አዙሮ ሙቅ ውሃ መጠጣት ገብቷል። ሁሉም ጥቂት ጣቢያ ተጉዘው በየተራ ወርደዋል፤ እኔም ዝም ብዬ አሳልፌያቸዋለሁ። መሬት ሲገባ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም፤ መሬት የገባ ቀን የልብ ክኒኑ ወረደ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከረመዳን በፊት ሻውቂን ደረቱን ወጋ አደረገውና ሆስፒታል ገባ። በእጁ ደም ሥር በኩል ገብተው ልቡ ላይ አንዲት ቀጭን ቱቦ አስቀመጡለት። ሐኪሙ ሊያሰናብተን ሲል እኔን ለብቻ ጠርቶ፣ "ደም ማቅጠኛውን ክኒን አንድም ቀን እንዳያቋርጥ። ቱቦዋ ከተደፈነች ወደ እኔ አታመጪውም፣ ወደ መቃብር ነው የምትወስጂው" አለኝ። ሐኪም ሆኖ አፉ የሥጋ ነጋዴ አፍ ነው፤ ግን ነገሩ በደንብ ገባኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ክኒኑን ከነውሃው አቀርብና ጉሮሮው ወርዶ ሲወጣ ሳላይ ንቅንቅ አልልም ነበር። ተኝቼ ስገላበጥ ክርኔ ልቡን እንዳይመታው ብዬም አልጋውን ለእሱ ለቅቄ ልጆቹ ድሮ ይተኙበት ወደነበረው ክፍል ተዛወርኩ። ልጆቹ አግብተው ከወጡ ቆይተዋል።

በዚህ መሀል ኩዌት ያለው ታናሽ ወንድሙ ዙሄር አንድ አንሶላ ላከለት። ግራጫ አንሶላ ነው፤ በውስጡ የብር ክር ተሸምኗል፣ ከጥጉ ላይ ደግሞ እንደ አይጥ ጅራት ያለ ረጅም ሽቦ ተንጠልጥሏል። ከአንሶላው ጋር በስልክ ቪዲዮ መጣ። ቪዲዮው ላይ ባዶ እግሩን ሣር ላይ የቆመ ጥርሰ ነጭ ሰውዬ፣ የሰው ልጅ ጫማ ካደረገበት ቀን ጀምሮ በሽተኛ ሆነ ይላል። መሬትን የነካ ሰው እንቅልፉ ይመለሳል፣ ሕመሙ ይለቀዋል፣ ደሙም በራሱ ይቀጥናል ይላል። እኔ ሰውዬው ቀኑን ሙሉ ሣር ላይ ቆሞ ማን እንደሚያበላው ነበር የማስበው። ሻውቂ ግን እስከ መጨረሻው አይቶ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረው።

በማግሥቱ ማታ ክኒኑን ሳቀርብለት ብርጭቆውን ወደ እኔ መለሰው።

"ከእንግዲህ አያስፈልግም" አለኝ። "መሬት ራሷ ታቀጥነዋለች። በክኒንም በመሬትም ከቀጠነ ደሜ ውሃ ሆኖ ሊቀር ነው እኮ።"

"አንተ ሰውዬ፣ ያለነው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የምን መሬት?"

"ለዚያ አይደል ሽቦ ያለው?"

ሽቦው ጫፉ ላይ አንዲት ጥርስ ብቻ አለችው፤ የምትገባው ሶኬት ላይ ባለው፣ ወደ መሬት በሚወስደው ሦስተኛ ቀዳዳ ነው። የሰፈራችን የሹብራ ሕንፃዎች ግን ሶኬታቸው ሁለት ቀዳዳ ነው፤ የእኛ ሕንፃ ሲሠራ ሦስተኛው ቀዳዳ ገና ከኩዌት አልመጣም ነበር። እዚህ ላይ ያበቃለታል ብዬ ተስፋ አድርጌ ሻይ ልጥድ ሄድኩ። ስመለስ በስልክ ሐማዳን እያነጋገረ ነው።

ሐማዳ የሰፈራችን የዲሽ ሰው ነው። ጣሪያው ላይ አንድ ዲሽ አቁሞ ከዚያ በገመድ ለመንገዱ ሁሉ ያካፍላል፤ ማን የትኛውን ጣቢያ እንደሚያይ ከሚስቶቻችን በላይ ያውቃል ይላሉ ወንዶቹ። መጣና አንሶላውን ገለባበጠው። ሽቦው መሀል ላይ ያለችውን ጥቁር እብጠት በጣቱ ዳሰሳት።

"ይቺ ምንድን ናት?"

"አብራ ነው የመጣችው" አለ ሻውቂ።

"ሲግናል የምትበላው እሷ ናት" አለና በፒንሳ ቆርጦ ጣላት። ሁለቱን ጫፎች በጥርሱ ልጦ ገመዳቸው። ለምን እንደተሠራች የጠየቀ የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም፤ ሲግናል ትብላ አትብላ ለእኔ ምኔም አልነበረም።

ከዚያ ሽቦውን በረንዳ ላይ ቀጥሎ፣ አትክልት የምንስብበት ቅርጫት በሚወርድበት በኩል እስከ ታች አወረደው። ከሕንፃችን በር እስከ ዋናው መንገድ ድረስ አፈር የሚባል ነገር ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ፊኩሱ ዛፍ ሥር፣ ዘበኛችን አሚ ባዩሚ ሙሉኺያ የሚባለውን የወጥ ቅጠል የሚዘራባት መደብ። ሐማዳ እዚያ ላይ የክንድ ርዝመት ያለው ብረት መትቶ ሽቦውን አሰረበት። ሻውቂም ከበረንዳ ጎንበስ ብሎ፣ "አሚ ባዩሚ፣ አደራህን፣ አፈሩ እንዳይደርቅ ጠዋት ጠዋት ውሃ አጠጣው" ብሎ አዘዘ። ብረት ውሃ ሲጠጣ ያየሁት የዚያን ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ የእኔና የሻውቂ ጦርነት ተጀመረ። ክኒኑን ፈጭቼ ሻይ ውስጥ ጨመርኩት፤ አሽትቶ ለመታጠቢያ ቤቱ አጠጣው። ፉል ውስጥ ደበቅኩት፤ እንደ ጠጠር ለቅሞ ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠልኝ። ለትልቁ ልጃችን ለሃኒ ዱባይ ደወልኩና አባትህን ምከረው አልኩት። አባትየው አንሶላውን በስልኩ ካሜራ እያዞረ ሲያሳየው ልጁ ጭራሽ፣ "አባዬ፣ ለሁለት ሰው የሚሆንም አለው?" ብሎ ጠየቀ። ስልኩን ዘጋሁባቸው። ሐኪሙ ዘንድ ስደውል ደግሞ፣ "ነገርኩሽ እኮ" ብቻ ነው ያለኝ። ቀን ቀን እሳደባለሁ፣ አፌዝበታለሁ። ሲተኛ ግን በሩ ላይ ቆሜ ብርድ ልብሱ ከፍ ዝቅ ማለቱን አያለሁ። ፈርቼ ነበር፤ ሌላ ስም የለውም።

ሽቦው በወረደ በሳምንቱ የሁለተኛ ፎቁ ሐጅ ሙተወሊ በራችንን አንኳኳ። ፊቱ ጠቁሯል። ሰፈሩ ሁሉ በትልቁ ልጄ ስም ኡም ሃኒ፣ የሃኒ እናት፣ እያለ ነው የሚጠራኝ።

"ኡም ሃኒ፣ ትናንት ያን የመሰለ የኳስ ጨዋታ አስመለጣችሁኝ እኮ። መስመራችሁ ምስል አይሰጥም። ድምፅ እንኳ የለውም።"

"የምን መስመር ሐጅ?"

"በመስኮቴ የሚያልፈው ነዋ። የሐማዳ እጅ መሆኑን እኔ አላውቅም? በክፍያ የተዘጋውን ጣቢያ ደብቃችሁ ልታዩ ነበር፤ እኔ ደግሞ ጎረቤት ነኝ ብዬ ቀጠልኩ።"

አዲስ ሽቦ በመስኮቱ ሲያልፍ አይቶ ዝም የሚል ሰው በእኛ መንገድ አልተፈጠረም። ሳልመልስለት ሻውቂ ከኋላዬ ብቅ አለ፤ እንዲህ ደስ ብሎት ካየሁት ቆይቷል።

"ሐጅ፣ ተሳስተሃል። አንተ ቴሌቪዥኑን ቀጠልከው፤ መቀጠል የነበረብህ ራስህን ነው።"

አስገብቶ ሻይ አስፈልቶ ሣር ላይ የቆመውን ሰውዬ አሳየው። ሐጁ የወገብ በሽተኛ ነው። ሲወጣ ፊቱ ተለውጦ ነበር፤ እኔን እንኳ አላየኝም። በሁለት ቀን ውስጥ ሐማዳ ከእኛ ሽቦ ላይ ቅጥያ እየለጠፈ ሕንፃውን በሙሉ አዳረሰው። ሐጁ የብር አንሶላ ስለሌለው ሚስቱ ዶሮ የምትጠብስበትን ትልቅ ትሪ ፍራሹ ላይ አድርጎ ወገቡን አጋደመበት። የአንደኛ ፎቁ ጸጉር አስተካካይ እግሩን በሽቦ ጠምጥሞ ይተኛል። ከእኛ ሥር ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ኡም ባሲም ብቻ፣ "እኔ እንቅልፍ አላነሰኝም፤ ያቃጠለኝ የልብስ ማጠቢያ ማሽኔ ነው፤ በነካሁት ቁጥር ይነዝረኛል" አለች። ሐማዳም፣ "መሬት ይውጠዋል" ብሎ ማሽኑን ከዚያው ሽቦ ጋር አሰረላት። እውነትም መንዘሩን ተወ። የሴት ልጇ መንታዎች እሷ ዘንድ ስለሚውሉ ያቺ ማሽን ዕረፍት የላትም፤ በተለይ ከምሳ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ጋደም በሚልበት ሰዓት ነው የምትዞረው።

መጀመሪያ ላይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ማንም ምንም አልተሰማውም። ሻውቂ፣ "መሬት አትቸኩልም" ይላቸዋል። አረፋ ሲቃረብ ሐጅ ሙተወሊ የሚያርደውን በግ ገዛና እስከ በዓሉ ድረስ ለአሚ ባዩሚ ሰጠው። በጉ በመጣ በማግሥቱ፣ ከምሳ በኋላ፣ ሻውቂ ከመኝታ ቤት ጠራኝ።

"ኢንሻራህ፣ መጣች።"

"ማን?"

"መሬት። ከተረከዜ ጀምራ ውርር እያለችኝ ነው።"

በዚያው ሰዓት ሐጁ ከሁለተኛ ፎቅ መስኮት፣ "ሻውቂ፣ ተሰማህ?" እያለ ይጣራል። ጸጉር አስተካካዩም ከታች አላህን እያመሰገነ ነው። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ምሳ ሲያልቅ ሕንፃው ጸጥ ይላል፤ ሁሉም በጀርባው ተንጋሎ መሬትን ይጠብቃል። ስትመጣ ከየመስኮቱ የእፎይታ ድምፅ ይሰማል፤ የማያውቅ መንገደኛ ቢያልፍ ሌላ ነገር ነበር የሚያስበው። ሐጁ ወገቤ ተፈታ አለ። ሻውቂ ቁም ሣጥኑ ላይ ያለውን የክኒን ሣጥን ለዘበኛው ልስጠው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ከእጁ ነጥቄ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኩት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይዤው ነበር የምዞረው።

አረፋ ሦስት ቀን ሲቀረው ቤት እየወለወልኩ ነበር። ባዶ እግሬን ነኝ፤ ሰድሩ ውሃ በውሃ ሆኗል። መኝታ ቤት ስገባ ሻውቂ በጀርባው ተዘርግቷል፤ አፉ ተከፍቷል፤ ደረቱ አይንቀሳቀስም። ወይም አይንቀሳቀስም መሰለኝ። "ሻውቂ" ብዬ ጠራሁት። አልመለሰም። መወልወያውን እንደያዝኩ ዘልዬ ክንዱን ያዝኩት።

ክንዱ በኃይል ነዘረኝና እርጥቡ ሰድር ላይ በቂጤ ተቀመጥኩ። እስከ ትከሻዬ ደንዝዣለሁ። በትዳር ዘመናችን ሁሉ፣ በሠርጋችን ሌሊት እንኳ፣ ይህ ሰው እንዲህ ነዝሮኝ አያውቅም።

ሻውቂ እሱም ደንገጥ ብሎ ዐይኑን ገለጠ፤ ከዚያ ፊቱ በራ።

"አገኘሽው አይደል? አሁንስ ታምኛለሽ?"

 በሕይወት አለ፤ መጀመሪያ የገባኝ እሱ ነው። ቁጭ እንዳልኩ ከሥራችን፣ ከሦስተኛ ፎቅ፣ የኡም ባሲም ማሽን እያጓራ ሲዞር ሰማሁት። ቤቱ ሁሉ ይርገበገባል። ጥቂት ቆይቶ ተንገጫግጮ ቆመ።

"ሄደች" አለ ሻውቂ እየተነፈሰ። "ዛሬ ቶሎ ሄደች።"

ከታችም ሐጁ፣ "ሄደች" ሲል ተሰማ።

መወልወያዬን ይዤ በባዶ እግሬ ደረጃውን ወረድኩ። ኡም ባሲም የላስቲክ ጫማ አድርጋ ከማሽኑ ልብስ እያወጣች ነው።

"ማሽኑ ይነዝርሻል እንዴ?" አልኳት።

"ትቶኝ አልነበር? ሰሞኑን እንደገና ጀመረኝ። ምነው፣ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የገረጣሽው?"

"ሶኬቱን ንቀዪው። እኔ ሳልነግርሽ እንዳትነኪው።"

ሽቦውን በዐይኔ እየተከተልኩ እስከ ታች ወረድኩ። ፊኩሱ ሥር የሐጁ በግ በገመድ ታስሮ የመጨረሻውን ሙሉኺያ ያመነዥካል። ብረቱ የለም። በቦታው ጉድጓድ ብቻ ነው ያለው። ሽቦው ግን መደቡን አልፎ ወደ በሩ ይሄድና ሰድር የተነጠፈበት ደረጃ ላይ ወዳለች አንዲት የቅቤ ጣሳ ይገባል። ጣሳዋ ውስጥ በሶብላ ተተክሏል። ከበሶብላው ጎን ብረቱ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

"አሚ ባዩሚ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

አሚ ባዩሚ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ "በጉን አስሬበት ነበር፤ በመጣ ቀን ነቀለው" አለኝ። "በግ እንዳይመስልሽ፣ በሬ ነው። ብረቱን ብረት ለቃሚዎች እንዳይወስዱት እዚህ ተከልኩት። አፈር ነው የተባልኩት፤ ይኸው አፈር። ውሃውንም አንድ ቀን አላስተጓጎልኩም።"

እኔ ኤሌክትሪክ አላውቅም። ግን የኡም ባሲም ማሽን የሚያፈስሰው ነገር መሬት ካጣ፣ ከዚህች ጣሳ ተመልሶ የት እንደሚሄድ ለማወቅ ክንዴ በቂ ነበር። በየቀኑ፣ ከምሳ በኋላ፣ በባሌ ልብ ላይ። ሐማዳ ቆርጦ የጣላት ጥቁር እብጠትም ይህን ልታግድ እንደተሠራች ያን ጊዜ ገባኝ። ከዚያ ሽቦውን ከብረቱ ፈትቼ፣ ጣሳዋን ከነበሶብላዋ አቅፌ ወደ ላይ ወጣሁ።

ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሐጅ ሙተወሊ በር ከፍቶ ቆሟል፤ የትሪው ጠርዝ ክንዱ ላይ ታትሟል።

"ምን ነክተሽ ነው?"

"ሐጅ፣ ሲመጣባችሁ የነበረው የኡም ባሲም ማሽን ነው። ሽቦውን ቁረጥ፣ ይገድልሃል።"

ትንሽ አሰበ። "ነገስ ስንት ሰዓት ነው የምታጥበው?" አለኝ።

ትቼው ወጣሁ። ላይ የራሴው ሰውዬ ነበር የሚጠብቀኝ። ሻውቂ አልጋው ላይ ቁጭ ብሏል። መጀመሪያ የአንሶላውን ጅራት ከበረንዳው ሽቦ መንጭቄ ነቀልኩ፤ ከዚያ ጣሳዋን የብር አንሶላው መሀል ላይ አስቀመጥኩለት። አፈሩ ተበተነ።

"ይኸውልህ መሬትህ። የቅቤ ጣሳ ውስጥ ነው ያለችው። ውርር ስትልህ የነበረችው ደግሞ የኡም ባሲም የልጅ ልጆች የሽንት ጨርቅ ሲታጠብ ነው።"

ሁሉንም ነገርኩት፤ በጉን፣ ብረቱን፣ ማሽኑን። ይጮህብኛል፣ ዙሄር ጋ ይደውላል፣ ሣር ላይ የቆመውን ሰውዬ ያመጣብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን በሶብላውን በሁለት ጣቱ ዳበሰውና አሸተተው።

"ከሆስፒታል ከወጣሁ ጀምሮ ማን እንደነካኝ ታውቂያለሽ?" አለኝ።

"ምን ማለት ነው?"

"ሐኪሙ። ግፊቴን የምትለካው ልጅ። ሌላ ማንም። አንቺ ውሃውን ስትሰጪኝ እንኳ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠሽ ወደ ኋላ ትያለሽ። ማታ በሩ ላይ ቆመሽ ታዪኛለሽ። እንቅልፍ የወሰደኝ ይመስልሻል እንጂ አይሻለሁ። ሬሳ እንደሚጠብቅ ሰው ነው የምትቆሚው። ያንን ክኒን በዋጥኩ ቁጥር የምሞት ሰው መሆኔን ነው የምውጠው።" መዳፉን አንሶላው ላይ ዘረጋ። "ይቺ ነገር ግን ትነካኝ ነበር። ምንም ትሁን ምን። ማሽንም ከሆነች ማሽን።"

 በሩ ላይ ስቆም የሚያየኝ አይመስለኝም ነበር።

"ነክቼህ ልብህ ቢቆምብኝስ ብዬ ነው የሸሸሁት" አልኩት። "አንተ ሞተህ እኔ እንድተርፍ አልፈልግም። ፈርቼ ነው፣ አንተ ደደብ።"

"እኔስ ያልፈራሁ መሰለሽ?"

ጣሳዋን አንስቼ ወለሉ ላይ አስቀመጥኳት። አፈሩንም ሳላራግፍ፣ እግሬንም ሳላደርቅ አልጋው ላይ ወጣሁና ከጎኑ ተጋደምኩ። ከረመዳን በፊት ጀምሮ ያልተኛሁበት ጎን ነው፤ ፍራሹ ረስቶኛል። እጄን ሸሚዙ ውስጥ አስገብቼ ደረቱ ላይ አኖርኩት። ፀጉሩ ሳስቷል። ከሥሩ ልቡ ይመታል፤ ትንሽ ይፈጥናል እንጂ ይመታል።

"እጅሽ በረዶ ነው" አለኝ።

"ልወስደው?"

"ተዪው።"

በሌላው እጄ ከሽርጤ ኪስ ክኒኑን አውጥቼ አፉ ጋ አደረስኩት።

"ካልዋጥክ እጄን አነሳና ልጆቹ ክፍል እሄዳለሁ።"

"ከዋጥኩስ?"

"ከዋጥክ እዚሁ ነኝ። ዛሬም፣ ነገም። ክርኔም ከመታህ ይምታህ።"

 ከዚያ አፉን ከፈተ፤ ውሃ እንኳ ሳይጠይቀኝ በደረቁ ዋጠው።